ይተኛ፤ ሲነጋ ይሻለዋል

ለዶክትሬት ትምህርቴ በአሜሪካ በቆየሁባቸው ዓመታት መተዳደሪያዬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ማሠራት ነበር። የሰኞ ጠዋቱን ክፍል የሚፈልግ ረዳት መምህር ስላልነበረ አዲስ ለመጣሁት ለእኔ ተሰጠኝ። በመጸው ወራት በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይናቸው የደፈረሰ፣ ፔንዱለሙ ስንት ጊዜ እንደተወዛወዘ መቁጠር እንኳ የሚሳናቸው ወጣቶች አይታጡም ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ሥራው ንጹሕና ጥንቁቅ የነበረ ልጅ፣ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ሪፖርቱን ሳያስረክብ ቀረ። ምክንያቱን ብጠይቀው «ዕጩ ነኝ» አለኝ። የምን ዕጩ እንደሆነ ስላልገባኝ አስረዳኝ፦ ሌሊት እየተቀሰቀሰ የነባር አባላትን ቤት ያጸዳል፤ ሲታዘዝ ይሮጣል፤ ሲታዘዝ ይጠጣል። «ታዲያ ለምን አትተወውም?» አልኩት። «እስከዚህ ከደረስኩ በኋላ?» ሲል መለሰልኝ። እኔም ነገሩን የባህል ልዩነት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ልጁ ክፉ ነገር ሳይደርስበት ዓመቱን ጨረሰ። ይህ ግን የእርሱ ዕድል እንጂ የእኔ ብልህነት አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት የሌላውን አገር ገመና ለማውራት አይደለም። በአሜሪካ የተማሪ ማኅበራት ቤቶች ውስጥ በመጠጥ ምክንያት የሚደርሰው ሞት ዘወትር እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ ሲተረክ እሰማለሁ። ጉድለቱስ አለ። ነገር ግን ከጉድለቱ ሥር አንድ የፊዚክስ ስሕተት ተቀምጧል፤ ስሕተቱም ስለ ጊዜ ያለን የተሳሳተ ግምት ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ስሕተቱን ራሳቸው በወረቀትና በእርሳስ ሊያጣሩት ስለሚችሉ ጉዳዩን እዚህ ማንሣቱ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

በቅድሚያ ስለ ማኅበራቱ ጥቂት ልበል። ፍራተርኒቲ ማለት ወንድማማችነት ማለት ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በግሪክ ፊደላት የሚጠሩ የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት ይህን ስያሜ ይዘዋል፤ የሴቶቹ ሶሮሪቲ ይባላሉ። በፊደል ከተሰየሙት ቀዳሚ የሆነው ፋይ ቤታ ካፓ እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ የላቀ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች የሚከበሩበት የምሁራን ማኅበር ሆኗል። ሌሎቹ ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ቤት፣ የራሳቸው ሥርዓትና ምሥጢር ያላቸው የመኖሪያና የመዝናኛ ማኅበራት ናቸው። ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ አባል ለአባል ሥራ ያፈላልጋል፤ ከቤተሰቡ ርቆ ለመጣ የ18 ዓመት ወጣትም ቤተ ዘመድ ይሆናሉ። ሁሉም ያንገላታሉ ማለት ሐሰት ነው። ሆኖም ዕጩውን አባል አዋርዶና አሠቃይቶ የመቀበል ልማድ፣ በእነርሱ አጠራር ሄዚንግ፣ ከብዙዎቹ ጋር አብሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1873 አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ መሰል ሥርዓት ላይ ከገደል ወድቆ ሞቷል። ጉዳዩን ለረጅም ዘመን ሲመዘግብ የኖረው ጋዜጠኛ ሃንክ ኑዌር ባጠናቀረው መዝገብ መሠረት ደግሞ ከ1959 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ ቢያንስ አንድ ተማሪ በሄዚንግ ሳይሞት ያለፈ ዓመት የለም። በዘመናችን ዋናው መሣሪያ ገደል ሳይሆን ጠርሙስ ነው።

የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ከሚመኛቸው ተቋማት አንዱ በሆነው በኤም.አይ.ቲ. የደረሰውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ትምህርት በጀመረ በሳምንታት ውስጥ አንድ የ18 ዓመት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በማኅበሩ ቤት ራሱን ስቶ ተገኘ። በደሙ ውስጥ የነበረው አልኮል በ100 ሚሊ ሊትር 0.41 ግራም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ያን ጊዜ የተቋሙ አዲስ ገቢዎች ገና ግቢውን ሳያውቁ በማኅበራት ቤት እንዲኖሩ ይፈቀድላቸው ነበር። ኤም.አይ.ቲ. በ2000 ለቤተሰቡ ካሣና ለነፃ ትምህርት ዕድል መታሰቢያ የሚሆን በድምሩ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከ2002 ጀምሮም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በግቢው ማደሪያ እንዲኖሩ ደነገገ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2017፣ ሁለት ሞቶች ተከተሉ። በየካቲት ወር በፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት የምሕንድስና ተማሪ በአቀባበሉ ሌሊት በ82 ደቂቃ ውስጥ 18 መጠጥ እንዲወስድ እንደተደረገ የዐቃቤ ሕግ ምርመራ ገልጿል። ልጁ ከምድር ቤት ደረጃ ወደቀ። ተሸክመው በሶፋ ላይ አስተኙት። በጀርባው ተንከባሎ በትውከቱ እንዳይታነቅ በሚል መጽሐፍ የተሞላ የጀርባ ቦርሳ አስታጠቁት፤ ይህ ዘዴ በመካከላቸው ስም የወጣለት መሆኑ ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ያሳያል። አንድ አዲስ አባል ወደ ሐኪም እንውሰደው ብሎ እንደነበረ፣ ነገር ግን ተገፍትሮ ዝም እንዲል እንደተደረገ ተናግሯል። ለአምቡላንስ የተደወለው ከውድቀቱ ወደ 12 ሰዓት ያህል በኋላ ነው። የራስ ቅሉ ተሰብሮ፣ ጣፊያው ተቀዶ ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሌላ የ18 ዓመት ዕጩ ስለ ማኅበሩና ስለ ግሪክ ፊደላት እየተጠየቀ፣ በተሳሳተ ቁጥር ጠንካራ መጠጥ እንዲጎነጭ ተደረገ። እርሱንም በሶፋ ላይ አስተኝተው ሄዱ። በደሙ የተገኘው 0.495 ነበር። በመጋቢት 2021 በኦሃዮ በቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ ተማሪ የውስኪ ጠርሙስ ተሰጥቶት ጨርስ ተባለ፤ ጨረሰና ወደ መኖሪያው አድርሰው ተዉት። ከሦስት ቀን በኋላ ሕይወቱ አለፈ።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው የመጠጡን ብዛት ብቻ አይደለም። በፔንስልቬኒያም ሆነ በሉዊዚያና ሶፋ አለ። ሁሉም ዘንድ «ይተኛ፤ ሲነጋ ይሻለዋል» የሚል ሐሳብ፣ በአፍ ባይነገር እንኳ፣ አለ። ያስተኙት ልጆች ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም፤ ጓደኛቸው በእንቅልፍ እየተሻለው እንደሚሄድ በእርግጥ ያምኑ ይሆናል። እስቲ እምነቱን እንመርምረው።

በአሜሪካ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል የያዘ ነው፤ ይህም አንድ ጣሳ ቢራ ወይም አንድ መለኪያ ውስኪ ማለት ነው። የአገሪቱ የአልኮል ጥናት ተቋም ከልክ ያለፈ የአንድ ጊዜ መጠጥ የሚለው የደም አልኮልን 0.08 የሚያደርሰውን ነው፤ ለወንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ 5፣ ለሴት 4 መደበኛ መጠጥ ገደማ። የተጠጣው አልኮል በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት የስዊድኑ ሳይንቲስት ኤሪክ ዊድማርክ በ1930ዎቹ ያሳተመው ቀላል ስሌት ዛሬም ያገለግላል። አልኮል በሰውነት ውስጥ ባለው ውኃ ስለሚሰራጭ የሰውየው ክብደት በ0.68 ገደማ ይባዛል (ለሴት ወደ 0.55)፤ ከዚያም የአልኮሉ ግራም ለውጤቱ ይካፈላል። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ በመቶ 40 አልኮል የሆነ አንድ ጠርሙስ ውስኪ 300 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። አልኮል ከውኃ ስለሚቀል ይህ 237 ግራም ይመዝናል። ጠጪው 70 ኪሎ ቢሆን 237 ለ47.6 ሲካፈል በኪሎ 5 ግራም ያህል፣ በተለመደው መለኪያም 0.5 ይደርሳል። ከ0.30 በላይ ራስን መሳት፣ ከ0.40 በላይ ሞት እንደሚያሰጋ ይታወቃል። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ ማለት ምን እንደሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም በሁለት መስመር ሊደርስበት ይችላል።

ይህ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ የሚያሳስተው ነው።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር ከሰውነት እንዴት ይወገዳል ብዬ ብጠይቅ፣ የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገርን መበስበስ ስለተማሩ፣ ሃፍ ላይፍ ይሉኛል። በእኩል ጊዜ ውስጥ ሁልጊዜ ግማሹ ይጠፋል፤ ብዙ ካለ ብዙ ይጠፋል፤ ጥቂት ካለ ጥቂት። ብዙዎቹ መድኃኒቶችም ከሰውነት የሚወጡት በዚህ መንገድ ነው። አልኮል ግን እንዲህ አይደለም። በጉበት ውስጥ አልኮልን የሚሰባብረው ኢንዛይም በጥቂት መጠጥ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የቱንም ያህል ቢጨመርበት ፍጥነቱን አይለውጥም። አንድ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ያለበትን መስኮት አስቡ፦ አሥር ሰው ቢሰለፍም መቶ ሰው ቢሰለፍም በሰዓት የሚስተናገደው ሰው ቁጥር ያው ነው። በአማካይ የደም አልኮል በሰዓት 0.015 ያህል ይቀንሳል። ግራፉ ጠመዝማዛ ሳይሆን ቀጥ ያለ መስመር ነው። በ0.30 የተኛ ሰው፣ ሃፍ ላይፉ 6 ሰዓት ቢሆን ኖሮ፣ ሲነጋ 0.15 ላይ ይገኝ ነበር፤ በእውነቱ ግን ያለው 0.21 ላይ ነው። ያን ጠርሙስ የጨረሰው ሰው ሙሉ በሙሉ ለመጽዳት 33 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ መስኮቱን አያሰፋውም። እንቅልፍም አያሰፋውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ከፍተኛው ነጥብ የሚደርስበት ጊዜ ነው። ሁለት ጋን በቧንቧ ተያይዘዋል እንበል፤ የመጀመሪያው ጨጓራና አንጀት ነው፣ ሁለተኛው ደም ነው። በመጀመሪያው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የተንቆረቆረው ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው ቀስ እያለ ነው። የመጨረሻው ጉንጭ ከተዋጠ በኋላ የደም አልኮል ለ30 ደቂቃም ለአንድ ሰዓትም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ሶፋው ላይ ያስተኙት ልጅ መጠጣቱን አላቆመም፤ የገዛ ጨጓራው እያጠጣው ነው። ሲያስተኙት ይንተባተብ የነበረው ከአንድ ሰዓት በኋላ የማይነቃ ሊሆን ይችላል። ከፍ ባለ መጠን ላይ ትውከት ወደ አየር ቧንቧ እንዳይገባ የሚጠብቀው የጉሮሮ ምላሽ ይደክማል፤ ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍልም ይፈዛል። ያስተኙት ጓደኞቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት አጠገቡ የሉም፤ ቢኖሩም እነርሱም ጠጥተዋል።

ሰው ብቻውን በራሱ አካሄድ ሲጠጣ ሰውነቱ ብዙ ጊዜ ይከለክለዋል፤ ያጥወለውለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። ይህ መሐንዲሶች የመልስ ምት የሚሉት ዓይነት ቁጥጥር ነው። የቁጥጥር ሥርዓት ምልክቱ ከዘገየ ግን ልኩን አልፎ ይሄዳል፤ ሙቅ ውኃ ዘግይቶ የሚመጣበት መታጠቢያ ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ከፍቶ ከፍቶ ድንገት ይቃጠላል። የአቀባበል ሥርዓቱ በተፈጥሮ ያለውን ይህን መዘግየት በፍጥነት ያባብሰዋል። ተሰለፍ፣ ጨርስ፣ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ እለፍ! ምልክቱ አንጎል በሚደርስበት ሰዓት ገዳዩ መጠን አስቀድሞ ጨጓራ ውስጥ ገብቷል። ልጁ «ልኬን አውቃለሁ» ቢል አልዋሸም፤ ልኩን የሚነግረው መሣሪያ ግን ዘግይቶ የሚያነብ ነው።

ታዲያ ብልህ ወጣቶች ይህን ለምን ይቀበላሉ? እዚህ ላይ ከሙያዬ ውጭ ስለምወጣ በአጭሩ አልፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1959 አሮንሰንና ሚልስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች 63 የኮሌጅ ሴት ተማሪዎችን ለአንድ የውይይት ቡድን ዕጩ አደረጉ። ከፊሎቹ ለመግባት አሳፋሪ ፈተና ማለፍ ነበረባቸው፤ ከፊሎቹ ቀለል ያለ ወይም ምንም። ውይይቱ ሆን ተብሎ አሰልቺ ተደርጎ ነበር። አሳፋሪውን ፈተና ያለፉት ግን ቡድኑን ከሌሎቹ አብልጠው ወደዱት። ዋጋ የከፈልንበትን ነገር ከንቱ ነው ማለት ይከብደናል። «እስከዚህ ከደረስኩ በኋላ?» ያለኝ የቤተ ሙከራ ተማሪዬ መልስ ይኸው ነበር። ሲጠጣ የተንገላታውም በሚቀጥለው ዓመት ጠርሙሱን የሚያቀብለው እርሱ ይሆናል፤ ካልሆነማ ያለፈው ሥቃዩ ትርጉም ያጣበታል።

ለመደወል የሚከለክላቸውስ? በአሜሪካ ከ1984ቱ ሕግ ወዲህ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው መጠጥ እንዳይገዛ በየግዛቱ ተከልክሏል። ስለዚህ አምቡላንስ የሚጠራው ልጅ ፖሊስ ይመጣል፣ ቤቱ ይዘጋል፣ ወንድሞቼ ይባረራሉ ብሎ ያስባል። ብዙ ግዛቶች ለታመመ ጓደኛ የደወለን ሰው ከመጠጥ ክስ የሚጠብቁ ሕጎች አውጥተዋል፤ መልካም ነው። ፔንስልቬኒያ በ2018 በሟቹ በቲሞቲ ፒያዛ ስም የተሰየመ ሕግ አጽድቃ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ያስከተለ ሄዚንግ ከባድ ወንጀል እንዲሆን አደረገች። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች የሄዚንግ ድርጊቶችን መዝግበው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ተፈርሟል። ቅጣቱን አልቃወምም። ነገር ግን ቅጣት ከሞት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ለደዋዩ ዋስትና ሳይሰጡ ቅጣትን ብቻ ማክበድ ደግሞ ያችን የስልክ ጥሪ የበለጠ ያዘገያታል ብዬ እሰጋለሁ። ማኅበራቱ ጨርሰው ይዘጉ የሚሉ አሉ፤ በእኔ አስተያየት ልማዱ ወደማይታይ ኪራይ ቤት ከመሸሽ አያልፍም። ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ሚዛን የሚደፋብኝ ኤም.አይ.ቲ. ያደረገው ነው፦ አዲስ ገቢው መጀመሪያ መኝታና ጓደኛ በሌላ ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ። የሚሄድበት ያለው ሰው እምቢ ማለት ይቀለዋል።

ለእኛ ተማሪዎች ይህ ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ከእናንተ መካከል ግን በነፃ ትምህርት ዕድል ወደዚያ የሚሄዱ አሉ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሚኒሶታ የተወለዱ ያጎት የአክስት ልጆች ያሏችሁም ብዙ ናችሁ። ወላጆቻቸው ስለ ነጥባቸው እንጂ ስለ ማኅበራቱ ቤት የሚያውቁት ጥቂት ነው፤ ልጁም «ዕጩ ነኝ» ቢላቸው እንደ እኔ አይገባቸው ይሆናል። በአገራችን እንዲህ ያሉ ማኅበራት የሉም። «ይተኛ ተዉት» ግን አለ። «በሞቴ» ብሎ ማስጠጣትም አለ። ለስሌቱ ደግሞ እኛ የባሰ ችግር አለብን፦ የውስኪ ጠርሙስ 40 ብሎ ይናገራል፤ አረቄ ግን ጥንካሬው አልተጻፈበትም፣ ዳግም የወጣው ከተራው ምን ያህል እንደሚበልጥም ከመለኪያው ብርጭቆ አይታይም። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ከሌለ የሚቀረን የሰውየውን ሁኔታ ማየት ብቻ ነው።

የሚታየውም ይህ ነው። ሲጠሩትና ሲቆነጥጡት የማይነቃ፣ ቆዳው የቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ወደ ሰማያዊነት ያደላ፣ ትንፋሹ የተዛባ ሰው የተኛ ሰው አይደለም፤ የተመረዘ ነው። በጎኑ ማስተኛት፣ ብቻውን አለመተው፣ ምንም አለማብላትና አለማጠጣት ያስፈልጋል። በአሜሪካ 911፣ በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ለትንፋሹ ሰዓት ይያዝ፤ ፔንዱለም መቁጠር የተማረ ሰው ይህን አያቅተውም። በደቂቃ ከ8 በታች ከሆነ፣ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ሁለተኛውን ደቂቃ መቁጠር አያስፈልግም፤ ስልኩ ይነሣ።